ባሩን ተዉትና ሊትሩን ቁጠሩ

ክረምት ሲበረታ ቡሬ መገንጠያ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ቁሙ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም ያለፈው ሲኖትራክ፣ ከነቀምት በኩል ዓባይን ተሻግሮ ዳገቱን የወጣው አይሱዙ፣ ከባሕር ዳር የመጣው ሚኒባስ፣ ከገጠር ቀበሌ ገበያተኛ ጭኖ የገባው ባጃጅ፣ ሁሉም እስከ መስኮታቸው ቀይ ጭቃ ተለስነው ይደርሳሉ። ቡሬ ላይ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም አለ፤ ጫኝና አራጋፊ መኪና አይጠፋም። ስለዚህ በዚህ መስመር ላቫጆ መክፈት ብዙ ወጣት የሚያስበው ሥራ ቢሆን አይገርምም። መሬት፣ ውሃና አንድ ውሃ በግፊት የሚረጭ ማሽን ከተገኘ ቀሪው የእጅና የጉልበት ነገር ነው።

ማሽኑ ላይ ነው ታዲያ ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ነው፦ «250 ባር»፣ «3600 ፒኤስአይ»። ማሽኖቹ መልካቸው ይመሳሰላል፤ ሞተር፣ ከሥሩ ሁለት ጎማ፣ አንድ ቱቦና አንድ ሽጉጥ። የአንዱ ዋጋ ግን የሌላውን እጥፍ ነው። ገዢው ትልቁን ቁጥር በትንሹ ዋጋ ያገኘ ሲመስለው ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ወራት ሳይቆይ ፓምፑ ይንጠባጠባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ማሽኑ ጥግ ይይዛል። እኔ ስለዚህ ነገር ማውራት የምወደው ምክንያቱ ከገባን በኋላ ሁሉም ነገር ግልጽ ስለሚሆን ነው። ምስጢሩ ያለው በሦስት ነገር ነው፤ በደቂቃ በሚወጣው ውሃ፣ በፓምፑ አሠራርና በምንኖርበት ከፍታ። ሦስተኛውን ካርቶኑ ጨርሶ አይናገርም።

በመጀመሪያ ግን የቤንዚን ማሽን ያስፈልጋችኋል ወይ? ሦስት ፌዝ መስመር በአቅራቢያችሁ ካለና መብራት እምብዛም የማይጠፋ ከሆነ የኤሌክትሪክ ማሽን ግዙ፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ጭስ የለውም፣ ለሥራ ማስኬጃም ይረክሳል። የቤንዚኑ ማሽን ቦታው ሌላ ነው፦ መብራት በየቀኑ የሚቆራረጥበት ከተማ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ሆኖ ቮልቴጁ የሚወርድበት ሰፈር፣ ወይም ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ እንደ ሰከላ ወዳለ ወረዳ ማሽኑን ጭኖ እየዞረ ለሚያጥብ ሰው። ነጠላ ፌዝ ላይ የሚሠራ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ቮልቴጅ ሲወርድበት ይሞቃል፤ ጥቅልሉም ይቃጠላል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ ብዙ ሰው ወደ ቤንዚኑ የሚያዘነብለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጭቃው። የእኛ ቀይ አፈር ሸክላ የበዛበት ነው፤ ቅንጣቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ እርስ በርሱም ከቀለምና ከብረት ጋርም አጥብቆ ይያያዛል። ከደረቀ ደግሞ ይብሳል። ይህን ጭቃ ከመኪና ላይ ለማስወገድ ሁለት ሥራ መሠራት አለበት። አንደኛው ማላቀቅ ነው፤ ይህን ግፊት ይሠራዋል። ሁለተኛው የተላቀቀውን ጠርጎ መውሰድ ነው፤ ይህን የሚሠራው የውሃው ብዛት ነው። ግፊቱ ብርቱ ሆኖ ውሃው ትንሽ ከሆነ ጭቃው ከፍንደሩ ተላቅቆ ወደ በሩ ይረጫል፣ ከበሩ ተነሥቶ መስተዋቱ ላይ ያርፋል፤ አጣቢው አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ውሃው በርከት ካለ ግን ልከኛ ግፊትም ይበቃል፤ ጭቃው ተያይዞ ይወርዳል።

ግፊት በባር ይለካል። አሜሪካኖች ፒኤስአይ ይላሉ፤ በ14.5 ስታካፍሉት ባር ይሆናል፤ 3000 ፒኤስአይ 207 ባር ገደማ ነው። የውሃው ብዛት በሊትር በደቂቃ ይለካል። ለመኪና ቀለም ከ80 እስከ 130 ባር በቂ ነው። ለሲኖትራክ ሻንሲና ለጎማው 150 ካገኛችሁ ደኅና ናችሁ። ከዚያ በላይ ያለው ባር አብዛኛውን ጊዜ ለካርቶኑ ነው። ሊትሩ ግን ሲጨምር ሥራው ይፈጥናል፦ በደቂቃ 8 ሊትር የሚረጭ ማሽን ለቤት መኪና ነው፤ ለላቫጆ ሥራ ከ12 ሊትር በታች አትውረዱ፣ 15 ከሆነ እሰየው።

ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ቀላል ስሌት ያገናኛቸዋል። ባሩን በሊትሩ አባዙት፣ ለ600 አካፍሉት፤ ውሃው የሚፈልገው ጉልበት በኪሎዋት ይወጣል። ለምሳሌ 150 ባር በ13 ሊትር 1,950 ነው፤ ለ600 ሲካፈል 3.25 ኪሎዋት። ፓምፑ ራሱ የሚያባክነው አለና ሞተሩ ወደ 3.8 ኪሎዋት ማለትም 5 የፈረስ ጉልበት ገደማ መስጠት አለበት። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሱቅ ይዛችሁ ግቡ። ካርቶኑ «250 ባር፣ 10 ሊትር፣ 7 የፈረስ ጉልበት» ይላል እንበል። 2,500 ለ600፣ ከዚያ የፓምፑ ብክነት ሲታከል 6.6 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። ባለ 7 ተብሎ የሚሸጠው ሞተር ይህን ያህል ቀኑን ሙሉ ሊሰጥ አይችልም። እንዲያውም ሆንዳ ጂኤክስ 200 የተባለውን ሞተሩን ድሮ ባለ 6.5 እያለ ሲሸጠው ቆይቶ የአለካኩ ደንብ ሲጠብቅ 5.5 ብሎ ጽፎታል፤ ሞተሩ ያው ሞተር ነው። ስመ ጥሩው አምራች እንዲህ ካደረገ የሌላውን ካርቶን በዚያ ልክ ቀንሳችሁ አንብቡት።

ይህ ሁሉ ስሌት የተሠራው ግን በባሕር ጠረፍ ላይ ነው። እኛ ያለነው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደምወደው ክፍል መጣን።

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፣ ቡሬ 2,100 ገደማ፣ የሰከላዋ ግሽ ዓባይ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቤንዚን የሚነደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነውና የሳሳ አየር የሚስብ ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚያቃጥለው ይቀንሳል። የሆንዳ የአጠቃቀም መመሪያ በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ጉልበት ይጠፋል፣ ካርቡሬተሩ ለከፍታው ተስተካክሎም ቢሆን። አስሉት፤ ፍኖተ ሰላም ላይ 22 በመቶ፣ ቡሬ ላይ 24 በመቶ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ከ30 በመቶ በላይ። 5.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ቡሬ ሲደርስ 4.2 ገደማ ነው፤ ሰከላ ሲወጣ ከ4 በታች ይወርዳል። ማንም አልሰረቃችሁም፤ የቦታው ሕግ ነው።

እንግዲህ ቅድም ያሰላነውን 150 ባርና 13 ሊትር ቡሬ ላይ ለማግኘት በወረቀት 5 ሳይሆን ወደ 6.7 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ 7 ተብሎ የሚሸጠው ሞተር ይቸገራል፤ ባለ 9 ይመቸዋል። 200 ባርና 15 ሊትር የምትፈልጉ ከሆነ ከባለ 13 በታች አታስቡ።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። እነዚህ ፓምፖች በእያንዳንዱ ዙር የሚገፉት የውሃ መጠን የተወሰነ ነው። ግፊቱን የሚፈጥረው ፓምፑ ብቻ አይደለም፤ ውሃው የሚወጣበት የአፍንጫው ቀዳዳ ጥበትም ነው። ጉልበት ያነሰው ሞተር ጠባብ አፍንጫ ሲገጠምለት ያቃስታል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ ዙሩ ሲወርድ ደግሞ ሊትሩ ይቀንሳል፤ ሁለቱንም ታጣላችሁ። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ ሰው አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ አፍንጫ ይግጠም። ባሩ ይወርዳል፣ ሞተሩ ዙሩን ይዞ ይሮጣል፣ ሊትሩ እንዳለ ይቆያል። ባር ሸጦ ሊትር መግዛት በሉት። በጥቂት ብር አፍንጫ የሚስተካከለውን ነገር ብዙ ሰው ሞተሩ ደከመ ብሎ ጋራዥ ይዞት ይሄዳል።

የካርቡሬተሩ ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ግን በባሕር ጠረፍ ልክ ከፈሰሰ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ምልክቱ አይጠፋችሁም፦ ጥቁር ጭስ፣ የሚከረፋ ሽታ፣ ካንዴላው ሲፈታ በጥላሸት የጠቆረ። ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር አምራቾቹ ጠበብ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ በካርቡሬተሩ ውስጥ እንዲገጠም ይመክራሉ። እኛ አገር ይህን የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው፤ እናንተ ጠይቁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ለደጋ የተስተካከለን ማሽን በነቀምት መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩ ይግላል። ዋናውን ቀዳዳ አትጣሉት፣ ለመልስ ያስፈልጋል።

አሁን ፓምፑ። ገንዘባችሁን ማኖር ያለባችሁ እዚህ ነው። ማሽኖቹን በሁለት ወገን ክፈሏቸው። አንደኛው አክሲያል የሚባለው ነው፤ ዘንበል ብሎ የተገጠመ ሳህን እየተሽከረከረ ትንንሽ ፒስተኖችን ይገፋል። በቀጥታ በሞተሩ ዘንግ ላይ ስለሚሰካ ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ሲዞር እሱም 3,600 ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ፒስተን በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ትንሽ፣ ቀላልና ርካሽ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የራሱን መኪና ለሚያጥብ ሰው ጥሩ ነው፤ ዕድሜው በጥቂት መቶ ሰዓቶች የሚቆጠር ነው።

ሁለተኛው ወገን ክራንክ ያለው ባለ ሦስት ፒስተን ፓምፕ ነው። ሦስት ሴቶች አንድ ሙቀጫ ላይ ዘነዘና ይዘው በየተራ ሲወቅጡ አይታችኋል፤ አንዷ ስታነሣ አንዷ ትመታለች፣ ሙቀጫው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ የለም። ሦስቱ ፒስተኖችም እንዲሁ ተራ ስለሚገቡ ውሃው ሳይቆራረጥ ይወጣል። በሞተሩና በፓምፑ መካከል ማርሽ ወይም ቺንጋ ሲኖር ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ በደቂቃ ከ1,400 እስከ 1,750 ዙር። ፒስተኑ ሴራሚክ፣ ጭንቅላቱ ናስ ከሆነ በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዓቶች ያገለግላል፤ የሚያልቁት የውሃ ማገጃ ጎማዎቹና ቫልቮቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ይቀየራሉ።

በቀን 15 መኪና የሚያጥብ ላቫጆ ማሽኑን አራት ሰዓት ያህል ያስነሣዋል። በዓመት 300 ቀን ከሠራ 1,200 ሰዓት ነው። አሁን የአክሲያሉን ዕድሜ ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ ርካሹ ማሽን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገዛ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ሱቅ ውስጥ ሁለቱን እንዴት ትለያላችሁ? ካርቶኑን ተዉት፤ ጎንበስ ብላችሁ ፓምፑን እዩ። ጭንቅላቱ ከሞተሩ ዘንግ ጋር በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ ከተሰለፈ አክሲያል ነው። ወደ ጎን ከዞረ፣ ማለትም ፒስተኖቹ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ማዕዘን ከሠሩ፣ ክራንክ ያለው ነው። በጎኑ ላይ ክብ የዘይት ማያ መስታወት መኖሩን ተመልከቱ። ዘይቱ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ያገለገለ ማሽን ከሆነና ዘይቱ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውሃ ገብቶበታል፣ ትታችሁ ውጡ። ከጭንቅላቱ ሥር ጣታችሁን አሳልፉ፤ እርጥብ ከሆነ ጎማው አልቋል። ናስ ነው ያላችሁን ነጋዴ ከማይታየው ወገን ትንሽ እንዲፍቀው ጠይቁት፤ ቢጫ ከወጣ ናስ ነው፣ ነጭ ከወጣ አልሙኒየም ነው። ከጣሊያን የሚመጡት ኢንተርፓምፕ፣ አኖቪ ሬቬርቤሪና ኮሜት፣ ከአሜሪካ ካት የታወቁ ስሞች ናቸው፤ የቻይናዎቹም ብዙዎቹ የእነዚህን ንድፍ የተከተሉ ናቸው። ዋናው ስሙ ሳይሆን ጎማና ቫልቭ ለብቻው ይሸጣል ወይ የሚለው ነው። አሁኑኑ አሳየኝ በሉት፤ ካላሳያችሁ የለም ማለት ነው።

ሞተሩን በሚመለከት ጎጃም ውስጥ ትልቅ ዕድል አለን። ፍኖተ ሰላም ላይ የመስኖ ውሃ መሳቢያ የሚጠግን ሰው ዘንድ ብትሄዱ ጠረጴዛው ላይ ተፈትቶ የምታዩት ሞተር ከመኪና ማጠቢያው ሞተር ጋር አንድ ነው። የሆንዳ ጂኤክስ 160 እና 200፣ እነሱን መስለው የተሠሩት ቻይናዎቹ 168 እና 170፣ ከፍ ሲል ባለ 13ቱ 188፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ገበሬው ሽንኩርቱንና ድንቹን የሚያጠጣበት ሞተር ስለሆነ ካንዴላው፣ የመነሻ ገመዱ፣ ካርቡሬተሩ፣ የአየር ፊልትሮው በየገበያው አለ፤ እጁን የፈታ ባለሙያም አለ። ማሽኑን ወስዳችሁ «ወንድምዓለም፣ ይኼን ታውቀዋለህ?» በሉት። «የመስኖው ሞተር አይደል እንዴ!» ካላችሁ ግዙት። አይቶት የማያውቀው ዓይነት ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ይቅርባችሁ።

አያያዙ ቀላል ነው፤ የሚረሳ ስለሆነ ግን ልጻፈው። የሞተሩ ዘይት መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል፤ እኛ ባሰላነው ላቫጆ በየወሩ ማለት ነው። የጂኤክስ 200 ዓይነት ሞተር የሚይዘው 0.6 ሊትር ብቻ ስለሆነ ወጪው አይከብድም። የፓምፑ ዘይት ሌላ ነው፤ መጀመሪያ በ50 ሰዓት፣ ከዚያ በየ500 ሰዓቱ። በጋ ላይ ደግሞ የአየር ፊልትሮውን በየቀኑ አራግፉ፤ አቧራው ከጭቃው የከፋ ጠላት ነው። ቤንዚንን በተመለከተ ይኸው የጂኤክስ 200 ዓይነት ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ በሰዓት 1.7 ሊትር ይወስዳል። የዕለቱን ዋጋ አባዙበትና የአንድ መኪና እጥበት ስንት እንደሚያስወጣችሁ ዕወቁ። በጀሪካን መቅዳት እንደ ልብ በማይሆንበት ጊዜ ይህ ስሌት ሥራውን ያቆመዋል ወይም ያቆየዋል።

አፍንጫዎቹን በቀለማቸው ታውቋቸዋላችሁ። ቀዩ 0 ዲግሪ፣ ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40፣ ጥቁሩ ለሳሙና ነው። ቀዩን ከመኪና ጋር አታገናኙት፤ ቀለም ይልጣል፣ ጎማ ይቆርጣል። ለቀለም ነጩን፣ ለሻንሲና ለጎማ አረንጓዴውን ተጠቀሙ፤ ከሰውነቱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ። ራዲያተር ላይ በሰያፍ አትርጩ፣ ስስ ክንፎቹ ይታጠፋሉ። የጎማ ኩሽኔታ ላይ አተኩራችሁ አትምቱ፤ ውሃው የጎማ ቀለበቱን አልፎ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ሾፌሩ ጥፋቱን የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው፤ የቻርጅ መሰኪያቸውን በቀጥታ አትምቱ።

አዲስ አበባ ላይ ዲቴይሊንግ የሚባለው ጥንቃቄ የተሞላበት እጥበት የሚጀምረውም ከዚሁ ማሽን ነው። ቀለም የሚቧጨረው በጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ ሥር በቀረው አሸዋ ነው። ስለዚህ ደረቅ መኪና ላይ ጨርቅ አይነካም። መጀመሪያ ጭቃው በውሃ እንዲርስ ጥቂት ደቂቃ ይተዋል፤ ከዚያ በሽጉጡ ጫፍ በሚገጠም የአረፋ ጠርሙስ ሳሙናው ይነፋል፤ አረፋው ቆሻሻውን አለስልሶ ይዞት ሲወርድ በነጩ አፍንጫ ይታጠባል፤ ስፖንጅ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለዚህ አይሆንም፣ ጠንካራ ስለሆነ የቀለሙን ሰም ያነሣል። የመኪና ሻምፖ ግዙ። የአረፋ ጠርሙሱ በደንብ እንዲያረፋ በቂ ሊትር ይፈልጋል፤ ደካማ ማሽን ላይ የሚወጣው አረፋ ሳይሆን የሳሙና ውሃ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል፣ ወዴትስ ይሄዳል? ማሽኑ ውሃ መግፋት ይችላል እንጂ ከጥልቅ መሳብ አይወድም፤ አየሩ የሳሳበት ደጋ ላይ ደግሞ ጭራሽ ይከብደዋል። ሮቶውን ከፓምፑ ከፍ አድርጋችሁ ማማ ላይ ስቀሉት፤ ወደ ፓምፑ የሚገባው ቱቦ ከ3/4 ኢንች አይጥበብ፣ መግቢያው ላይ ማጥለያ ይኑረው። ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ሮቶ ውስጥ አድሮ ይጥለል፤ ደለሉ የሴራሚኩን ፒስተን ባይበላው እንኳ ጎማውን ይበላዋል። በደቂቃ 13 ሊትር የሚረጭ ማሽን ለአንድ ሚኒባስ አሥር ደቂቃ ከሠራ 130 ሊትር ወሰደ፤ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሰባት መኪና ያጥባል። ከቧንቧ በተራ ቱቦ ስታጥቡ ውሃው ሳይዘጋ ስለሚፈስ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል።

መኪናውን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ግን መቆም ያለበት ነገር ነው። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ የጣና ትልቁ ገባር ነው። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ወንዞች ጣናን ሳይነኩ ወደ ደቡብ ወርደው ከዓባይ ሸለቆ ይገባሉ። በየትኛውም በኩል ከሲኖትራክ ሻንሲ የወረደው ግራሶና የተቃጠለ ዘይት ከብት ወደሚጠጣውና ሰው ወደሚቀዳው ውሃ ይደርሳል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ማጠቢያው ወለል ሲሚንቶ ይሁን፣ ወደ ሁለት ክፍል ጉድጓድ ያዘንብል። በመጀመሪያው ጭቃው ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ይንሳፈፋል። ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ቱቦ ክርን ተገጥሞለት አፉ ወደ ታች ይዙር፤ መካከል ያለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሻገራል። ዘይቱን በየጊዜው ከላይ ቀዱት፣ ጭቃውን በአካፋ አውጡት።

ስለ አደጋ ሁለት ነገር ልናገር፣ ሁለቱንም አጥብቄ። ከሽጉጡ የሚወጣው ውሃ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ከላይ የመርፌ ጫፍ ብቻ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሥጋው ተጎድቷል፤ ያን ቀን ሳያመሹ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፣ ቆይቶ የመጣ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ለቀልድም ቢሆን ሽጉጡ ሰው ላይ አይዞርም። ሁለተኛው ጭሱ ነው፤ ቤንዚን ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ ከተነሣ ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። ሞተሩ ሁልጊዜ ውጭ ይሁን፣ ቤንዚን የሚሞላውም ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ነው።

ማሽኑንም እንዲሁ ጠብቁት። ሽጉጡ ሲለቀቅ ውሃው መውጫ ስለሚያጣ በማለፊያው ቫልቭ በኩል ፓምፑ ውስጥ ይሽከረከራል፣ እየተሽከረከረም ይሞቃል። ከሁለት ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ከደንበኛ ጋር ሒሳብ ስትነጋገሩ ሞተሩን አጥፉት። ብዙ ፓምፕ የሚሞተው ሲያጥብ ሳይሆን ሲጠብቅ ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ፈተና ስጡት። በርሜል ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ፣ 100 ሊትር ሙሉበትና በጎኑ ምልክት አድርጉ። አረንጓዴውን አፍንጫ ገጥማችሁ ሦስት ደቂቃ ሳታቋርጡ አስረጩት። ከበርሜሉ የጎደለውን ለሦስት አካፍሉት፤ እውነተኛው ሊትር ይኸው ነው፣ በራሳችሁ ከፍታ የተለካ። ሞተሩን አዳምጡት፤ ሽጉጡ ሲጫን ትንሽ ዝቅ ብሎ ወዲያው ድምፁን ካስተካከለ ጤነኛ ነው፣ እንዳቃሰተ ከቀረ አፍንጫው ጠቧል ወይም ሞተሩ አንሷል። ማስሞከር የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ባለ 13 ሞተር፣ በማርሽ ወይም በቺንጋ የሚሠራ ባለ ሦስት ፒስተን የናስ ፓምፕ፣ በደቂቃ 15 ሊትር፣ ሥራ ላይ 150 ባር። ገንዘቡ ካልደረሰ ሞተሩን ወደ ባለ 9፣ ሊትሩን ወደ 12 አውርዱት፤ ፓምፑን ግን አታውርዱት።